ቆማ የከረመችው መኪናና የታገደው መንጃ ፈቃድ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ነዋሪነቴ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። እናቴ በጠና ታመውብኝ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። በዚህ መካከል የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎ ስለነበር የኢንሹራንሱ ክፍያ ሳይቆረጥ ቀርቶ ውሉ ተሰረዘ። መኪናዬ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፓርታማችን ግቢ ንቅንቅ አላለችም። ስመለስ ከዲኤምቪ (መኪናና መንጃ ፈቃድ ከሚመዘግበው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ጠበቁኝ፤ ሁለተኛው መንጃ ፈቃዴ መታገዱን ገልጾ 600 ዶላር እንድከፍልና ለሦስት ዓመት ኤስአር 22 የሚባል ነገር እንዳቀርብ ያዛል። ላልነዳሁት መኪና እንዴት እቀጣለሁ? ኤስአር 22ስ ሌላ ኢንሹራንስ ነው? ጓደኞቼ ደግሞ «ሜሪላንድ ወንድምህ ዘንድ ተመዝግበህ አዲስ መንጃ ፈቃድ አውጣ» ይሉኛል።
የሌሊት ተረኛው፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድልን። ቅጣቱ ግፍ መስሎ የታየዎት፣ የቨርጂኒያ ሕግ ኢንሹራንስን ያሰረው ከመንዳት ጋር ሳይሆን ከምዝገባው ጋር በመሆኑ ነው። መኪናዋ ተመዝግባ ሰሌዳዋ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ጋራዥ ብትገባም፣ ተበላሽታ በግል ግቢ ሸራ ለብሳ ብትቀመጥም፣ ኢንሹራንሷ መቋረጥ የለበትም። አገር ቤት ትራፊክ ፖሊሱ መስታወት ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር አይቶ ነው የሚጠይቀው፤ እዚህ ግን የኢንሹራንስ ኩባንያው ውሉን መሰረዙን ራሱ ለዲኤምቪ ስለሚያሳውቅ፣ ማንም መንገድ ላይ ሳያስቆምዎት ጉዳዩ ይጀመራል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የኩባንያውን ስምና የውሉን ቁጥር እንዲገልጹ የሚጠይቅ ነበር ማለት ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ስለነበሩ መልስ አልሰጡም፤ እገዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቆዩ ነዋሪዎች «በቨርጂኒያ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻላል» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ነገሩ በጊዜው እውነት ነበር፤ ምንም እንኳ ገንዘቡ አደጋ ቢደርስ አንዲት ሳንቲም የማይሸፍን፣ የፈቃድ ዋጋ ብቻ ቢሆንም። ይህ አማራጭ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ዝቅተኛው ሽፋንም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ከፍ ብሎ፣ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ወይም ሞት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ውል ሲገቡ የድሮውን ዋጋ አይጠብቁ።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ወደ ቀድሞው ኩባንያ ይደውሉና ውሉን ያለ ክፍተት ሊያጸናልዎት ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከተሰረዘ ከወራት በኋላ እሺ አይሉም፤ ሆኖም ከተሳካ፣ ኩባንያው ኢንሹራንሱ አለመቋረጡን ለዲኤምቪ ማረጋገጥ ይችላል፤ መልሱም ሌላ ይሆናል። የሻንሲ ቁጥር በስሕተት ተመዝግቦ ኢንሹራንስ ያለው ሰው እንደሌለው የሚታይበት አጋጣሚም ስለማይጠፋ ይህንንም አብረው ያጣሩ። ዛሬ የተገዛ ኢንሹራንስ ግን የሚሸፍነው ከዛሬ ወዲያ ያለውን እንጂ ያለፉትን ሦስት ወራት አይደለም።

ኤስአር 22 በስሙ ቢያስፈራም ሌላ ኢንሹራንስ አይደለም። የሚፈለገውን ያህል ሽፋን እንዳለዎት ኩባንያዎ ለዲኤምቪ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ሸክሙ ያለው ዋጋው ላይ ነው፤ ማረጋገጫው የሚያስፈልገውን አሽከርካሪ ኩባንያዎች እንደ አስጊ ደንበኛ ስለሚያዩት ወርኃዊው ክፍያ ይጨምራል፤ ጭራሽ የማያቀርቡትም ስላሉ ከሁለት ከሦስት ቦታ ዋጋ ያወዳድሩ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ውሉ አንድ ጊዜ ቢቋረጥ ኩባንያው ወዲያው ያሳውቃል፣ መንጃ ፈቃድዎም እንደገና ይታገዳል። መኪናዋን ቢሸጧት እንኳ ግዴታው አብሮ አይሸጥም፤ ለዚህ መኪና ለሌለው አሽከርካሪ የሚሸጥ ውል አለ።

የጓደኞችዎን ምክር አይከተሉ። ግዛቶች የአሽከርካሪዎችን እገዳ የሚያዩበት የጋራ መዝገብ ስላላቸው፣ ሜሪላንድም አዲስ መንጃ ፈቃድ ከመስጠቷ በፊት ቨርጂኒያ ያገደችዎትን ታያለች፤ በዚያ ላይ በማይኖሩበት አድራሻ መመዝገብ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከሁሉ በላይ፣ ዲኤምቪ መንጃ ፈቃዱ መመለሱን እስኪያረጋግጥልዎት ድረስ «ሌሊት ነው፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው» ብለው እንዳይነዱ። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት እስከ 500 ዶላር መቀጮ ያለው ጥፋት ሲሆን፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት ግን እስራትም ሊያስከትል ይችላል። ሥራ ቦታ ለጥቂት ሳምንታት አብሮዎት የሚመላለስ ባልደረባ ይፈልጉ።

ወደፊት ረጅም ጉዞ ሲኖርብዎት ኢንሹራንሱን ማቋረጥ ከፈለጉ፣ በቅድሚያ ሰሌዳውን ለዲኤምቪ ይመልሱ ወይም በድረ ገጹ ከሥራ ውጪ እንዲሆን ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ኢንሹራንሱን ያቋርጡ። ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ኢንሹራንሱ ይቀድማል፣ ሰሌዳው ይከተላል።