ልጄ ሜዳ ገባ፤ ፓስፖርቱን ይወስዱበት ይሆን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ለንደን ነው፤ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ እንዳለቀ ከጓደኞቹ ጋር የማስታወቂያ ሰሌዳውን ዘሎ ሜዳ ገባ። ማንንም አልነካም፤ ሣር ነቅሎ በኪሱ ይዞ መጣ። አሁን ፖሊስ ቃሉን እንዲሰጥ ጠርቶታል። ክረምት ላይ አያቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ እንዲሄድ ቲኬት ቆርጠንለታል። ፓስፖርቱን ይወስዱበት ይሆን? ይህ ሳያንስ ካውንስሉ (የሰፈራችን አስተዳደር) "ልጆች ከፎቁ ሥር ኳስ እየተጫወቱ ይረብሻሉ" ብሎ ልጄ የሚፈርመው የጠባይ ውል ልኮልናል። ኳስ ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?
እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ከአስቸኳዩ ልጀምር። ቀጠሮው ሳይደርስ ጠበቃ ይፈልጉ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ለሚሰጥ ሰው የጠበቃ ምክር በነፃ ነው፤ ሳይታሰር በቀጠሮ ለሚቀርብም እንደዚያው። ልጅዎ 18 ስላልሞላው እርስዎ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮት መቀመጥ አለበት። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመጣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጁ ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሁን። "ምን አጠፋንና ጠበቃ እንይዛለን?" የሚሉ ወላጆች ገጥመውኛል። ሜዳ መግባት ራሱ ጥፋት መሆኑን የሰሙት እዚያው ጠረጴዛ ፊት ነው።

አዎ፣ ጥፋት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1991 የወጣው የእግር ኳስ ጥፋቶች ሕግ ዕቃ መወርወርን፣ የዘረኝነት ጩኸትንና ያለ ፈቃድ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ሜዳ መግባትን ወንጀል አድርጓቸዋል። ሜዳ መግባት እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ግን ቅጣቱን ብቻ ነግረው ልጁን አያስፈራሩት፤ ሕጉ ከየት እንደመጣ ይንገሩት።

ለንደን ውስጥ 14 ዓመት የስታዲየም አስተናባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥልጠና በጀመርንበት ቀን መጀመሪያ ያሳዩን የአጥር ፎቶግራፍ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የደጋፊዎች ረብሻ ስለበዛ ሜዳዎቹ በብረት አጥር ተከልለው ነበር። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በተጨናነቁበት መቆሚያ መውጫ አጥተው አጥሩ ላይ ተጣበቁ። 97 ሰው ሞተ። ደጋፊዎቹ ጥፋተኛ እንዳልነበሩ የአሟሟት ምርመራው ሸንጎ በ2016 አረጋግጧል። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ቴይለር በ1990 ባቀረቡት ሪፖርት ሕዝቡ ተቀምጦ እንዲያይ፣ ሜዳ መግባትም ራሱን የቻለ ወንጀል እንዲሆን መከሩ። አጥሮቹ ፈረሱ፤ በቦታቸው ሕግ ቆመ። ሰው ከመታፈን እንዲያመልጥ ሜዳው ክፍት መሆን አለበት፣ ክፍት የሚሆነው ደግሞ ሌላው ሰው ሳይገባበት ሲቀር ነው። ልጅዎ የዘለላት አጭር ሰሌዳ ለምን አጭር እንደሆነች ይወቅ። እኔ ራሴ በአንድ የደስታ ቀን ከሚሮጠው ሕዝብ እግር ሥር የስምንት ዓመት ልጅ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ከሮጡት አንዱም ክፉ አላሰበም ነበር።

ስለ ፓስፖርቱ፦ ቃል እንዲሰጥ መጠራቱ ብቻውን ፓስፖርት አያስነጥቅም። እርስዎን ያስፈራዎ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የስታዲየም እገዳ ነው። ጥፋተኛ ተብሎ እስር ላልተፈረደበት ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ እስር ለተፈረደበት ግን እስከ 10 ይደርሳል። እገዳ ያለበት ሰው ቡድኖች ውጭ አገር ሲጫወቱ፣ ለምሳሌ በዓለም ዋንጫ ሰሞን፣ ፓስፖርቱን ለፖሊስ እንዲያስረክብ ይታዘዛል። ለዘለቄታው አይወሰድበትም፤ ለቤተሰብ ጉዳይ ልዩ ፈቃድ መጠየቅም ይቻላል። ስለዚህ ጠበቃውን በመጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ ይችል እንደሆነ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያጠፋ ልጅ ይህ መንገድ አለ።

ክለቡ የሚጥለው እገዳ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም። ከ2022 ጀምሮ ሜዳ ለሚገባ ሰው ቢያንስ የአንድ ዓመት እገዳ እንዲጣል የእንግሊዝ እግር ኳስ አስተዳዳሪዎች ወስነዋል፤ አብሮት የመጣ ወላጅንም ሊነካ ይችላል።

ወደ ውሉ ስመጣ ግን ከካውንስሉ ጋር አልስማማም። መንግሥት በ1998 ሕግ ለረባሾች የፍርድ ቤት ትእዛዝ አመጣ፣ በ2014 ደግሞ በሌላ ተካው። እንዲህ ያለው የጠባይ ውል ከዚያው ዘመን የመጣ ነው፤ ኢዝሊንግተን በሚባለው የለንደን ክፍል ነው የተጀመረው። በፈቃድ የሚፈረም ነው፤ ካፈረሱት ግን በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል። ስለዚህ "ኳስ አልጫወትም" የሚል ወረቀት ልጅዎ እንዳይፈርም። "ከመሸ በኋላ ከመስኮት ሥር አልጫወትም" ተብሎ እንዲስተካከል ይጠይቁ። ሌላ መጫወቻ የሌለው ልጅ ከበሩ ላይ ኳስ መምታቱን ከረብሻ መቁጠር ግፍ ነው፤ ይህን በካውንስል ስብሰባ ላይም ተናግሬያለሁ። ከመንግሥትና ከክለቦች ሥራ በዓይኔ ፍሬውን ያየሁት ፕሪሚየር ሊግ ኪክስ የሚባለውን ነው፤ በ2006 ከለንደን ፖሊስ ጋር የተጀመረ፣ ልጆች በነፃ የሚጫወቱበት። በአቅራቢያችሁ ካለ ያስመዝግቡት።

ስለ ኳሱ ለካውንስሉ አቤት ያለውን ጎረቤት ካወቁት በሩን አንኳኩተው ያነጋግሩት። በእኔ ልጆች ያማረረው ጎረቤቴ ሌሊት የሚነዳ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ቀን መተኛት አቅቶት ነው። የሚተኛበትን ሰዓት ነገረን፣ ልጆቹም ያንን ሰዓት ጠበቁለት።

ሣሩን በተመለከተ፣ ለጠበቃው ሳይደብቁ ይንገሩት። ልጁ ሜዳ ላይ የተነሳውን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ለጥፎ ከሆነም ይናገር። ጠበቃውን ሳያማክር ምንም ነገር እንዳይሰርዝ ወይም እንዳይጥል።