ውይይቱ በቴሌግራም፣ ውሳኔው በጊትሀብ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ የጻፉልን እህታችን፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የጀመሩት የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ተሳታፊዎች ሠላሳ እየሞሉ መሆኑን ገልጸው፣ «በቴሌግራም እንቀጥል ወይስ ወደ ሌሎቹ የቡድን መወያያዎች፣ ወደ ዲስኮርድ፣ ወደ ስላክ ወይም ወደ ማትሪክስ እንሂድ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ሆኜ፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን የሚለውጥ አነስተኛ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ከጥቂት ሰዎች ጋር ለዓመታት ይዤ ቆይቻለሁ። በዚሁ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተሳሳትን ያየሁትን ላካፍልዎት።

እኛም የጀመርነው በቴሌግራም ነበር፤ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላለው አዲስ ነገር አውርዱ፣ አካውንት ክፈቱ ማለት አላስፈለገንም። ታዲያ አንድ ምሽት «ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በየትኛው ዓመት ነው?» የሚል ክርክር ተነሣና እስከ እኩለ ሌሊት ከተነጋገርን በኋላ፣ ከመካከላችን አንዱ በአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በትክክል መለሰው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ፣ ማለትም ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ነው። ሁላችንም ተስማማን፤ ኮዱም ተስተካከለ፤ ምክንያቱን ግን ማንም በጽሑፍ አላሰፈረውም። ከወራት በኋላ አንድ አዲስ ተሳታፊ ያችን የኮድ መስመር አይቶ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እንደለመደው ያለ ቀሪ መካፈል አለበት ብሎ በቅንነት «አረማት»። የገመገመውም ሰው ያን ምሽት ግሩፑ ውስጥ ስላልነበረ አጸደቀው። ስህተቱ የታወቀው ጳጉሜን 6 ቀን 1991 የተወለደ ተጠቃሚ የልደት ቀኑን ሲያስገባ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» የሚል መልስ አግኝቶ ሲጽፍልን ነው። ወጣቱን ልወቅሰው አልችልም፤ የሚያነበው ነገር አላስቀመጥንለትም።

ያንን መልእክት ፍለጋ የገባንበት ድካም ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ልዩ ትምህርት አለው። አንዱ «ጳጉሜ» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ጳጉሜን»፣ ሌላው «ጷጉሜን»፣ ግማሹ ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። የግሩፑ መፈለጊያ የሚያገኘው በተጻፈው ፊደል ልክ ስለሆነ «ሐምሌ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀምሌ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ የድምፅ መልእክትን ይዘት ደግሞ ጭራሽ አይፈልገውም። በእንግሊዝኛ የሚነጋገር ማኅበር የቆየ ወሬውን ፈልጎ ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን ውሳኔያችንን በአንድ የታወቀ ቦታ፣ በተስማማንበት አጻጻፍ ርዕስ ሰጥተን ካላስቀመጥነው እንደጠፋ መቁጠር ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ ቴሌግራምን አይተዉት፣ ነገር ግን ምንም ነገር እዚያ እንደተወሰነ አይቁጠሩ የሚል ነው። እኛ አሁን ለእያንዳንዱ ውሳኔ ኮዳችን በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ኢሹ (የራሱ ርዕስ ያለው የመወያያ ገጽ) እንከፍታለን፤ ምን እንደተወሰነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተወሰነና የትኛው ሐሳብ እንደተተወም እንጽፍበታለን። ይህን ሥራ «ሁሉም ይሥራው» ስንል ማንም አልሠራውም፤ መፍትሔ ያገኘነው በየሳምንቱ ተረኛ ጸሐፊ ስንሾም ነው። የወሎ ሰው ቅሬ (እድር) ያለ ጸሐፊና ያለ መዝገብ እንደማይቆም ያውቃልና፣ አዲስ ለሚገባ ሰው ይህን ማስረዳት አልከበደንም። የድምፅ መልእክትም አልከለከልንም፤ የላከው ሰው ራሱ ፍሬ ሐሳቡን በሁለት መስመር ከሥሩ ይጽፋል።

ሌላው እኛ አካባቢ ፈጽሞ ሊረሳ የማይገባው የኢንተርኔት መስመር ጉዳይ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም ተዘግቶ እንደነበር፣ ከዚያም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደቆየ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወቅት ሙሉው ኮድ፣ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት አማካይነት በየኮምፒውተሩ ስለነበረ ሥራው አልቆመም፤ የቆመው ንግግሩ ነው። የአባላቱን ኢሜይል አስቀድመን ይዘን ቢሆን ኖሮ፣ መስመር ያገኘ ሰው ባገኘበት ሰዓት ልኮ፣ ሌላውም በራሱ ጊዜ አንብቦ መልስ ይሰጥ ነበር። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) አልሚዎች በዓለም ዙሪያ ተበትነው እስከ ዛሬ የኮድ ማሻሻያዎችን በኢሜይል እየተላላኩ የሚገመግሙት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሠላሳው ሰው ሳይበተን ኢሜይላቸውን በፈቃዳቸው ይመዝግቡ።

ስለ ሌሎቹ አጠር አድርጌ ልናገር። የስላክ ነፃ አገልግሎት የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 90 ቀናት መልእክት ብቻ ስለሆነ፣ የእኛን የጳጉሜን ውይይት ዓይነት ነገር አያቆይም። ዲስኮርድ ለድምፅ ስብሰባ ደስ ይላል፣ ነገር ግን በዚያ የተጻፈ መልስ በጉግል ለሚፈልግ ሰው አይወጣም፤ ቴሌግራምም በዚህ አይሻልም። ማትሪክስ ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ የፋየርፎክስ አዘጋጅ ሞዚላም በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቆየውን የጽሑፍ መወያያ አይአርሲን ትቶ ወደ እሱ ዞሯል። ሆኖም ለጀማሪ አባል አንድ ተጨማሪ አካውንትና አንድ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማለት ነው፤ በእኛ ሙከራ ከተጋበዙት ብዙዎቹ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀርተዋል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ያድርጉ። ሴት ተሳታፊዎቻችን ከግሩፑ በተወሰደ ስልክ ቁጥራቸው በግል እየተጻፈላቸው ሁለቱ ጥለውን ሄደዋል፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በቴሌግራም ስልክ ቁጥርን ለማንም እንዳይታይ ማድረግ ስለሚቻል፣ ለአዲስ ገቢ የሚላከው የመጀመሪያ መልእክት ይህንን በደረጃ የሚያሳይ ይሁን። የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰውም በአደባባይ ግሩፕ ላይ ሳይሆን በኢሜይል ለሁለት ኃላፊዎች ብቻ እንዲጽፍ፣ አድራሻው ሪድሚ ፋይሉ (የፕሮጀክቱ መግለጫ) ላይ ይቀመጥ።

ከቴሌግራም፣ ከጊትሀብና ከኢሜይል ውጭ ለአሁኑ ሌላ አይክፈቱ። እኛ በጉጉት ግሩፑን ለሰባት ርዕስ ከፋፍለን፣ አምስቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው ጸጥ ብለው፣ ጥያቄ የያዘ ሰው የት እንደሚጽፍ ግራ ሲጋባ አይተን መልሰን አንድ አደረግነው።