መልስ፦ ስትራቶ ቪን በኤችዲኤምአይ 2.1 ልቀይረው ወይ?
ሰላም ወንድሜ። የካሌይደስኬፕ ስትራቶ ቪ (ፊልም አውርዶ ቲቪ ላይ የሚያጫውት ዕቃ) አለኝ፣ ኤችዲኤምአይ 2.1 (ከ2.0 የፈጠነ የቲቪ ገመድ ማገናኛ) ያለው ሞዴል ቢመጣ ልቀይረው ወይ ብለሃል። ለፊልም ብቻ ከሆነ አትቸኩል። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚሄደው። 4ኬ ኤችዲአር (ብርሃንና ቀለሙ የሰፋ ምስል) ቢሆንም ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ በሚያሳልፈው 18 ጊጋቢት ውስጥ በደንብ ይገባል። የ2.1 48 ጊጋቢት ይበልጥ የሚጠቅመው ለጌም ነው።

እኔ ከልቤ የምመኘው የፊልም ማስቀመጫ ቦታ እንዲጨምሩልን ነው። የስትራቶ ቪ 960 ጊጋባይት ወደ 10 የሚጠጉ 4ኬ ፊልሞች ይይዝና ይሞላል። ከዚያ አንዱን አጥፍተህ ሌላ ማውረድ ነው፣ ካልሆነ ቴራ ሰርቨር (የካሌይደስኬፕ ትልቅ የፊልም ማከማቻ) ለብቻው መግዛት። ይህን ያህል ብር ለወጣበት ዕቃ ባለቤቱ ራሱ ትልቅ ኤስኤስዲ (ማከማቻ ዲስክ) የሚቀይርበት መንገድ ቢኖር ምናለ? ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ለሆነበት ሰው ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ፊልም 60 ወይም 80 ጊጋባይት ሲሆን፣ ለማታ ያሰብከውን ጠዋት ማዘዝ አለብህ።

ሌላው የምመኘው ኤችዲአር10 ፕላስ ነው፤ የሳምሰንግ ቲቪዎች የሚቀበሉት የተሻሻለ ኤችዲአር ማለት ነው። ተፎካካሪው ዶልቢ ቪዥን በ2024 እ.ኤ.አ. ከስትራቶ ቪ ጋር መጣልን፣ ጥሩ። የሳምሰንግ ቲቪ ያለው ግን ቲቪው ዶልቢ ቪዥን ስለማይቀበል ተራውን ኤችዲአር10 ነው የሚያየው። ያንተ ቲቪ ዶልቢ ቪዥን የሚቀበል የኤልጂ ወይም የሶኒ ኦሌድ ከሆነ ባለህ ዕቃ ቆይ።