ድንጋይ የሚበላው ማውስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ገመድ አልባው ማውሴ ድንጋይ አልጠግብ ብሎኛል። ድሮ አንድ ድንጋይ ወራት ይቆይልኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ሳምንት አይሞላም። ቀስቷም ትንቀጠቀጣለች። አንድ ሳጥን ልመርጥ ስል ሦስት መስመር ዘላ ቁጭ ትላለች፤ ደመወዝ በምሠራበት ቀን እንዴት እንደምናደድ አይጠይቁኝ። ቢሯችን ከታደሰ ወዲህ ሁሉም ነገር ደስ ይላል፣ ጠረጴዛው እንኳ መስታወት ሆኗል፤ ይሄ ማውስ ብቻ ነው የቀረኝ። ቢሮ ያለው ልጅ «አርጅቷል፣ ጣይው» ይለኛል። ልጣለው?

መልስ፦ እንዳትጥዪው፣ ልጄ! ጥፋተኛውን በደስታ መሃል አስገብተሽ አልፈሽዋል፤ ጠረጴዛው ነው።

ከማውሱ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ካሜራ አለች። በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ የጠረጴዛውን ፊት ፎቶ ታነሳለች፤ ፎቶዎቹን እያስተያየች ነው «ወደ ቀኝ ሄደናል፣ ወደ ላይ ወጥተናል» የምትለው። እንጨት ላይ ጭረት አለ፣ ጨርቅ ላይ ክር አለ። ንጹሕ መስታወት ላይ ግን ምን ትይ? የምትይዘው ምልክት ስለሌላት ትዋልላለች። ቀስቷ የምትዘለው ለዚህ ነው። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ጠረጴዛም ለማውስ አይመችም፤ መብራቱ ይበልጥ መሥራት ስላለበት ድንጋዩንም ቶሎ ይጨርሳል።

ዛሬውኑ አንድ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፊና ሞክሪው። ቀስቷ ልክ ከገባች ማውሱ ጤነኛ ነው፤ የጨርቅ ማውስ ፓድ ግዢና ተገላገይ። ወረቀት ላይም ከዘለለች ገልብጪና ቀዳዳዋን እይ። እኔ ጋ «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡት ማውሶች ስንቱን በስቴኪኒ እንደፈወስኩት! አንዲት ፀጉር ካሜራዋ ፊት ተጋድማ ትገኛለች። ባለቤቶቹ ገንዘብ ስላልተቀበልኳቸው ቅር ይላቸዋል፤ ሌላ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

የድንጋዩ ጉዳይ ግን ጠረጴዛው ብቻ ላይሆን ይችላል። ማታ ማውሱን ቦርሳ ውስጥ ትከቺዋለሽ? ከሥሩ ያለችውን ማጥፊያ ትዘጊያለሽ? ካልዘጋሽ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ማውሱ «ተጠራሁ» ብሎ ይነቃል። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ካልነካሽው ራሱ ያንቀላፋል፤ ቦርሳ ውስጥ ግን እንቅልፍ የለውም።

ከዚያ የድንጋዩ ዓይነት አለ። ሱቅ ሄደሽ «የሪሞት ድንጋይ» ካልሽ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ርካሹን ነው። በእጅሽ መዝኚው፤ ቀለል ይላል። አልካላይን የተጻፈበት ወፍራሙ (AA የሚባለው) 23 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከበድ ሲል ይታወቅሻል። ዋጋው ይበልጣል፣ ዕድሜውም እንደዚያው። በርካሹ ላይ ግን ያለኝ ቅሬታ ዕድሜው ብቻ አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኃይል የሚሰጠውም ያ ዚንክ እየተበላ ነው። ሲያልቅ ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ይበሳል፣ ማውስሽ ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ያለቀ ድንጋይ ውስጡ አታሳድሪ፤ ረጅም ፈቃድ ስትወጪም አውጥተሽ ሂጂ።

ምናልባት ፈስሶ ከሆነና ሞላው ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ በእጅሽ አትንኪው። የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ የጆሮ ጥጥ ሎሚ ነክረሽ ጥረጊው፣ በአልኮል ድገሚው፣ በደንብ ይድረቅ።

አባቴ የሬዲዮኑ ድምፅ ሲደክም ድንጋዮቹን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸው ነበር። እኔ ደግሞ ተደብቄ በጥርሴ እነክሳቸዋለሁ። ፀሐዩ ውሸት አልነበረም፤ ሙቀት ውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ የአንድ ዜና ያህል ዕድሜም ይሰጣል። ግን ማፍሰሱንም ያፋጥናል። አንቺ ይቅርብሽ። መንከሱማ ጭራሽ!

ድንጋዩ ማለቁን ለማወቅ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለሽ ጥሩ፤ አዲስ አልካላይን 1.5 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ያነባል። ከሌለሽ አልካላይኑን ጠፍጣፋውን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ልቀቂው። አዲሱ ዱብ ብሎ ይቀራል፤ የተሠራበት ይነጥራል። ውስጡ ያለው ዚንክ ሲሠራ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው። ግን ግማሽ የቀረውም ይነጥራልና ነጠረ ብለሽ ቶሎ አትጣይ። ቻርጅ የሚደረገውን ከገዛሽ ደግሞ እሱ 1.2 ቮልት ነው፤ ሞልቶም ኮምፒውተሩ «እያለቀ ነው» ቢልሽ አትደንግጪ።

አንድ ነገር ቀረ። ከማውሱ ጋር የመጣችውን ትንሿን ሪሲቨር የት ሰካሻት? ከኮምፒውተሩ ኋላ ከሆነ ብረቱ ይጋርዳታል። አጠገቧ ፋይል የምትገለብጪበት ሃርድ ዲስክ ሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ካለም ይረብሻታል። ማውሱ የሚነጋገረው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚለቀው ጫጫታም እዚያው ሰፈር ያርፋል። የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፏል። ሪሲቨሯን ወደ ፊት ለፊት አዙሪያት፤ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ወደ ማውሱ አስጠጊያት።

ጥያቄ፦ አንዴ ስጫን ማውሱ ሁለቴ ይቆጥረዋል። ፎልደር ልመርጥ ስል ይከፈትብኛል። ቫይረስ ነው? ከድሬዳዋ፣ ተማሪ

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ ወንድሜ። ከግራው ቁልፍ ሥር ያለችው ማብሪያ ውስጥ ቀጭን ብረት አለች፤ ብዙ ከመጫን ብዛት ደክማ አንዴ ስትነካት ሁለቴ ትንዘፈዘፋለች። ኮምፒውተሩ ላይ የክሊክ ፍጥነት ብትቀይር ትንሽ ይሸፍንልህ ይሆናል እንጂ አያድንህም። ካውያ መያዝ የሚችል ጓደኛ ካለህ የቀኟን አውጥቶ በግራዋ ቦታ ይበይድልህ፣ የግራዋን ወደ ቀኝ። ቀኟ ብዙ ስላልተጫነች ገና ትኩስ ናት። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ግን አስቀድሞ ይይ።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁት ማውስ ከሥሩ ቀይ መብራት የለውም። አታለሉኝ?

መልስ፦ ቀስቷ ከተንቀሳቀሰች አላታለሉሽም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማውሶች በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው የሚሠሩት። ማውሱን አብሪና የስልክሽን ካሜራ ወደ ሆዱ አዙሪ፤ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ይታይሻል። በኋላው ካሜራ ካልታየሽ በፊተኛው ሞክሪ። በባዶ ዓይንሽ ግን ቀዳዳው ላይ አታፍጪ።