ላባን ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

«ወፍ ላባ ያበቀለው ለምንድን ነው?» ብዬ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ጥያቄውን ሳልጨርስ «ለመብረር ነዋ!» ይሉኛል። ዛሬ የምመክራችሁ ስለዚህ ዓይነት ችኩል መልስ ነው።

በ1996 በቻይና ሊያኦኒንግ ግዛት ሳይኖሳውሮፕተሪክስ የተባለ ትንሽ ዳይኖሰር ቅሪተ አካል ይፋ ሆነ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ከ120 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት የኖረ ነው። የሚበርበት ክንፍ አልነበረውም፤ ገላው ግን ክር በመሰለ ጥንታዊ ላባ ተሸፍኖ ነበር። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች በላባው ውስጥ የቀሩትን የቀለም ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ አይተው ጅራቱ ቀይ ቡናማና ነጭ ቀለበት እንደነበረው አሳወቁ። ለመደበቅ ይሁን ለመታየት፣ ያ ሌላ ክርክር ነው። ላባና ቀለም ግን በረራን ቀድመዋል።

ውበቱስ? ዳርዊን የጣዎስን የጅራት ላባ ባየ ቁጥር እንደሚያመው በ1860 ለወዳጁ ጽፏል። ለጠላት የሚያጋልጥ ጌጥ በተፈጥሯዊ ምርጫ (ለመኖርና ለመራባት የሚረዳው ባሕርይ ከትውልድ ትውልድ እየበዛ በሚሄድበት መንገድ) እንዴት ይመጣል? በ1871 ሰፋ ያለ መልስ ሰጠ፦ ሴቴዋ ትመርጣለች። ያማረ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ማማሩ እውነት አያደርገውም።

ስዊድናዊው ማልተ አንደርሶን ኬንያ ውስጥ ፈተነው፤ ውጤቱን በ1982 አሳተመ። የመረጠው ወፍ ወንዴው ጥቁር ሆኖ ጅራቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአንዳንዶቹን ጅራት ቆርጦ አሳጠረ፤ ቁራጩን በማጣበቂያ ለሌሎቹ ቀጠለላቸው። ሌሎችን ደግሞ ቆርጦ የራሳቸውን ጅራት መልሶ አጣበቀላቸው። ለምን ደከመ? መቀሱና ማጣበቂያው በራሳቸው ለውጥ አምጥተው እንደሆነ ለመለየት ነው። ሳይነካቸው የተዋቸውም ነበሩ። ጅራታቸው የረዘመላቸው በሚጠብቁት ክልል ውስጥ ብዙ የሴቴ ጎጆ አገኙ። ያጠረባቸው ግን ክልላቸውን አልተነጠቁም። ስለዚህ ጅራቱ ተቀናቃኝ ከማባረር ይልቅ ሴቴ ለመሳብ ይጠቅማል ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ያ ቆርጦ መልሶ ማጣበቅ ነው፤ ብዙ ሰው «ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚዘለው እሱን ነውና።

የዚያ ወፍ ዘመዶች እኛም አገር አሉ። ክረምት ሲገባ በረጅም ሣርና በማሳ ዳር ቀይና ጥቁር ለብሶ የሚንቀጠቀጠው ትንሽ ወፍ በበጋ ቡናማ ሆኖ ከሴቴው አይለይም። ላባውን የሚቀይርበትን ሳምንት እየመዘገባችሁ ከዝናቡ ጋር አስተያዩት፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

የቀለሙን አሠራር ለማወቅም ላቦራቶሪ እስኪከፈትላችሁ አትጠብቁ። የወደቀ ሰማያዊ ላባ ስታገኙ (ወፍ ግን እንዳትገድሉ!) ወደ መስኮት አንሡትና ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ እዩት፤ ሰማያዊነቱ ይጠፋል። ሰማያዊው የሚፈጠረው በላባው ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅርጾች ብርሃንን ሲመልሱ ነውና። በደናችን የሚኖረው ቱራኮ የተባለው ወፍ በክንፉ ላይ ያለው ቀይ ግን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ስለሆነ ብትፈጩትም ቀይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክሩና ያያችሁትን ጻፉልኝ።