ስፌቱን ትቼ ኮምፒውተር ልማር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የጅማ ልጅ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ 3 ዓመት ልብስ ሰፍቼ ትዕዛዝ ቀነሰ ተብለን ወጣን። አሁን ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ተማሪ ይለኛል፣ እውነት ያዋጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ስፌት መቻልሽ አይደለም የጎዳሽ፣ ስፌት ብቻ መሆኑ ነው። ሐዋሳን እይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ከአጎዋ (ዕቃችንን ያለ ቀረጥ እዚያ ከምናስገባበት ዕድል) ስታስወጣን የኢንዱስትሪ ፓርኩ በብዛት ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ስለነበር ከአንዱ ፋብሪካ የወጣች ልጅ ጎረቤቱ ጋ ብትሄድም ያው ነው፣ እዚያም ይቀንሳሉ። ቶሎ የሚያገግም ከተማ ሙያው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚሻገርለት ነው። ጅማም በቡና ብቻ ስትንጠለጠል ያው ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ያየነው ነው።

ስለዚህ በማሽኑ መስፋት ብቻ ሳይሆን ማሽኑን መጠገንም ተማሪ፣ ሞተርና ቀበቶ የሚያውቅ ሰው የቡና መፈልፈያም ወፍጮ ቤትም ይፈልገዋል። ኮምፒውተሩንም አልጠላም፣ ግን ታይፕ ብቻ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ሂሳብና የዕቃ መዝገብ መያዝ የሚያስተምሩ ከሆነ ግን ማታ ማታ ግቢ።