«በልማድ ከመሄድ መቅረት አይሻልም?»

ጥያቄ፦ ቀሲስ፣ ይባርኩኝ። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው አያት አካባቢ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አላውቅም። ግን እውነቱን ልንገርዎትና ብዙ ጊዜ የምደርሰው ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ከጥዱ ሥር ቆሜ ሰው «እግዚኦ» ሲል «እግዚኦ» እላለሁ፤ ልቤ ግን ሰኞ በማቀርበው ሪፖርትና በአስቤዛው ላይ ነው። ስልኬንም እነካካለሁ። ካህናቱ ሊያቆርቡ ድርገት ሲወርዱ ታክሲው ሳይጨናነቅ ብዬ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። አጠገቤ ቆማ እንባዋን የምታፈስ ሴት ሳይ ደግሞ እቀናለሁ። እንዲህ በልማድ ከምመላለስ ብቀር አይሻልም?
«ደረቅ ልብ» ነኝ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ። አይሻልም። የቀረ ሰው ልቡ ሲርስ አይቼ አላውቅም።

ልማድንም አትርገሚው። ቅዳሴ እኮ ድግግሞሽ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴያት አሏት፤ በዓሉና ዕለቱ እየታየ አንዱ ይቀደሳል። መግቢያው ሥርዓተ ቅዳሴ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ሽማግሌው ካህን ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ሲል ኖሮ አልሰለቸውም፤ አንቺ ግማሹን ሰምተሽ ሰለቸሽ። ስለዚህ ነገሩ ከመደጋገሙ የመጣ አይመስለኝም። ከመድረሻ ሰዓትሽ ነው የመጣው።

አንቺ ሳትደርሺ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ሌሊት ሰዓታት የሚባለው ጸሎት ይቆማል፣ ንጋት ላይ የኪዳን ጸሎት ይደርሳል። በግቢው አንድ ጥግ ደግሞ ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። እዚያ ዲያቆኑ ታጥቦ የስንዴውን ዱቄት ያቦካል፣ ኅብስቱን ይጋግራል፤ ወይኑንም ከዘቢብ ያዘጋጃል። ትናንት የተጋገረ ለመንበሩ አይቀርብም፤ ለዚያ ቀን የዚያ ቀን ነው። እኔ ጎጃም ውስጥ በድቁና ሳገለግል የቤተ ልሔሙ ኃላፊ የነበሩት አባት፣ ወሬ ይዞ የመጣ ልጅ ካዩ ከደጅ ይመልሱት ነበር፦ «ጨርሰህ ና!» ዱቄቱ እናቶቻችን በቤታቸው ከሚጋግሩት ልዩነት የለውም፤ ከአንድ ማሳ የወጣ ስንዴ ነው። ግን እዚያ ቤት ከገባ በኋላ ማንም እንደፈለገ አይነካውም፣ በላዩ አይወራም፣ የወደቀው ፍርፋሪ እንኳ አይረገጥም። ከዚያ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ ቃጭል እየተመታ ወደ መቅደስ ይሄዳል። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ቀጥ ይላል። ገና ኅብስት ነው እኮ! ገና ቅዳሴው አልተጀመረም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንቺ ታክሲ ውስጥ ነሽ።

የመጣሽበትን ሰዓት ደግሞ ልብ በዪው። ወንጌል ተነቦ ሲያበቃ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል። ገና በመማር ላይ ያሉ፣ ያልተጠመቁ ሰዎች ይውጡ ማለቱ ነው። በጥንት ጊዜ በእርግጥም ይወጡ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆየው የተጠመቀ ብቻ ነው። ዛሬ ያልተጠመቀው ውጣ በሚባልበት ሰዓት የተጠመቀው ገና እየገባ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1,600 ዓመታት በፊት በአንጾኪያ የተቆጣው በተቃራኒው ነበር፦ ሕዝቡ የእርሱን ስብከት ሊሰማ ይጎርፋል፣ ስብከቱ ሲያልቅ ምሥጢሩን፣ ቁርባኑን ማለት ነው፣ ትቶ ይበተናል። ሲሰብክም ያጨበጭቡለት ነበር፤ ማጨብጨቡን ሲገሥጽ ለተግሣጹም አጨበጨቡ ይባላል። የእኛ ሰው ደግሞ ስብከቱ ከቅዳሴ በኋላ መሆኑን ስላወቀ ምሥጢሩ ሲያልቅ ይደርሳል። መንገዱ ተለያየ እንጂ የሚቀርበት ነገር አንድ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአንቺ ላይ አልጭንም። ሰው እየቆረበ፣ በድምፅ ማጉያ «የሰሌዳ ቁጥሩ እንዲህ የሆነ ነጭ ቪትዝ መንገድ ዘግቷልና ባለቤቱ ያንሣ» ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብም ዐውደ ምሕረቱ ጨረታ የሚመስልበት ቀን አለ። እኛ አገልጋዮቹ እንዲህ እያደረግን ምእመኑ ይፈራ ዘንድ መጠበቅ ከባድ ነው። ይህን የደብር ሰበካ ጉባኤያት ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የእንባውን ነገር ተዪው። ያቺ ሴት ለምን እንደምታለቅስ አታውቂም፤ ልጇ ታሞ ይሆናል፣ ኪራይ ተጨምሮባት ይሆናል። እንባ ስጦታ ነው፣ መለኪያ ግን አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ እንባ አይጠይቅሽም። የሚጠይቅሽ ሌላ ነው፦ «ተንሥኡ» ሲልሽ መቆም፣ «ስግዱ» ሲልሽ መስገድ፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲልሽ ወደ ምሥራቅ መመልከት። ሰውነትሽ ከታዘዘ ልብሽ ዘግይቶም ቢሆን ይከተላል።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። የግእዙንና የአማርኛውን ጎን ለጎን የያዘውን የቅዳሴ መጽሐፍ ግዢ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከንዋየ ቅድሳት መሸጫው አይጠፋም። ገጹን ስትገልጪ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚል ታገኛለሽ። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ነው። ሦስተኛው የአንቺ ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከጎደለ ሌላ ይፈለጋል፣ እስኪመጣ ይጠበቃል። የሕዝቡ ድርሻ ሲጎድል ግን ፈላጊ የለውም፤ ዲያቆናቱ ወይም የሰንበት ተማሪዎቹ ይሸፍኑልሻል፣ አንቺም ሳይታወቅሽ ተመልካች ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» (ሰላም ለሁላችሁ ይሁን) ሲል «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) የምትዪው ከሆንሽ ስልክ ለመነካካት ጊዜ አይኖርሽም፤ መልሱ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጣው።

ጫማሽን አውልቀሽም ግቢ። ጥዱ ሥር መቆም ነውር የለበትም፤ በበዓል ቀን ውስጡ ሞልቶ ስንቱ ደጅ ቆሞ ያስቀድሳል። አንቺ ግን እዚያ የምትቆሚው ለመውጣት እንዲመችሽ ነው፤ ራስሽ ነግረሽኛል።

ስለ ቁርባን አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን እጠይቅሻለሁ። የንስሐ አባት አለሽ? ለሚቆርብ ሰው ጾሙ 18 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት የምትቆርቢ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህልና ውኃ የለም። ሞክሪውና ታያለሽ፤ ቅዳሜ ማታ ጓደኞችሽ ደውለው «ማኪያቶ እንጠጣ» ሲሉሽ «ነገ እቆርባለሁ» ብለሽ የቀረሽ ቀን፣ እሑድ ማንም ሳይቀሰቅስሽ ትነሻለሽ። ይህን ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማክረሽ እንጂ የእኔን ጽሑፍ አንብበሽ ብቻ አታድርጊው።

ጥያቄ፦ አባቴ፣ እኔ ሪያድ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። እሑድ ጠዋት ልብስ እየተኮስኩ በጆሮ ማዳመጫ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን ቅዳሴ እሰማለሁ። ጓደኛዬ «ቅዳሴ እየሰሙ ካውያ መያዝ ድፍረት ነው» አለችኝ። ልተወው?
ወለተ ማርያም ነኝ

መልስ፦ አትተዪው፣ ልጄ። ድፍረት የሚሆነው ደጁ አጠገብ እየኖረ በስልክ የሚያስቀድስ ሰው ላይ ነው። አንቺ የምትሄጂበት የለሽም። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ካህኑ ሲቀድስ በዚያው ሰዓት ነው የምትሰሚው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስልክ ቁርባን አያቀብልም፤ ሥጋ ወደሙን አገር ስትገቢ ነው የምታገኚው፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።

ከዚህ በተረፈ ሥራ ያልያዘብሽ ጥቂት ደቂቃ ለይተሽ ውዳሴ ማርያም ጸልዪ። ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ነው፤ ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን ታደርሻለሽ። ተኝተሽ ሳይሆን ቆመሽ፣ ነጠላ ባይኖርሽ ባለሽ ሻሽ ተከናንበሽ። እመቤትሽ ከጠራችሽ አቋርጠሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ ካቆምሽበት ቀጥዪ።